መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ

ለመንግሥትና ለግል መሥሪያ ቤቶች የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ጉዳታቸው በዓይን የማይታይ ሠራተኞችን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በሒሳብ ሙያ የምተዳደር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ያለብኝ ሴት ነኝ። መድኃኒቴን በየቀኑ እወስዳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ መንገድ ላይ ብታገኙኝ ከማንም አትለዩኝም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍላችሁ እንደኔ ያሉ ሠራተኞች በየቢሯችሁ፣ በየፋብሪካችሁና በየቅርንጫፋችሁ ስላሉ ነው። አብዛኞቹን አታውቋቸውም፤ ይደብቋችኋል። የሚደብቋችሁም ቢናገሩ ምን እንደሚደርስባቸው ስለማያውቁ፣ ወይም በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን በዓይናቸው ስላዩ ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሠራተኛው ሕመሙን ከመናገሩ በፊት፣ ቢናገር ምን እንደምታደርጉለትና ምን እንደማታደርጉበት እናንተ ቀድማችሁ በጽሑፍ ተናገሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ይገልጻል። ተገቢው ምርመራና ሕክምና ቢደረግላቸው እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ የገጠር ቁጥር ነው፤ እንዳለ ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሊወሰድ አይችልም። ግምት ለመያዝ ግን ይረዳል። ሁለት ሺህ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ አሥር ሰው ቢኖር ሊያስደንቀን አይገባም። እናንተ ከአሥሩ ስንቱን ታውቃላችሁ?

የሚጥል በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መውደቅን፣ መንቀጥቀጥንና አረፋ መድፈቅን ነው። ሁሉም ግን አይወድቅም። አንዳንዱ ለጥቂት ሴኮንዶች ወይም ለአንድ ሁለት ደቂቃ ፍዝዝ ይላል፤ ሲጠሩት አይመልስም፣ ከንፈሩን ያላምጣል፣ የልብሱን ጫፍ ይነካካል፤ ሲመለስም ምን እንደተባለ አያውቅም። ይህ ስብሰባ መሃል ሲደርስ ንቀት ይባላል፤ ደንበኛ ፊት ሲደርስ ግድ የለሽነት። መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ለብዙ ሕመምተኛ የሚታዘዘው ፊኖባርቢታል፣ በተለይ ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ሐሳብንም ያዘገያል። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ዓይኑ እየተከደነ የሚታገል ልጅ ስታዩ ሲጠጣ ያደረ ይመስላችኋል። የቅርብ አለቃው ስንፍና ነው ብሎ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛው ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ይሞላል። ልጁም ምክንያቱን ከሚናገር ዝቅተኛውን ነጥብ ተቀብሎ ዝም ማለትን ይመርጣል።

መደበቅ የማይቻልበት ቀን ግን ይመጣል። አንድ ሠራተኛ ቢሮ ውስጥ ሲወድቅ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ «ክብሪት አምጡ!» ይላል፤ ተጭሮ የጠፋ ክብሪት አፍንጫው ሥር ይያዝለታል። ሌላው ጥርሱን ለማላቀቅ ማንኪያ ይዞ ይመጣል። የቀሩት ለሀጩ ከነካቸው የሚጋባባቸው መስሏቸው ወደ ግድግዳው ይሸሻሉ። የክብሪቱ ጭስ ምንም አይፈይድም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚጠቅመው ሌላ ነው። ጭንቅላቱ ሥር የሚለሰልስ ነገር ማድረግ፣ ስለትና ትኩስ ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ የአንገቱን ልብስ ማላላት፣ ሰዓት ማየት፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቀጠለ፣ ሳይነቃ ከደገመው ወይም ሲወድቅ ከተጎዳ አምቡላንስ መጥራት ነው፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ይህን ሁሉ ለማስተማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ለእሳት አደጋ የምትሰጡት ሥልጠና ካለ እዚያው ላይ ይጨመር።

ስለ መንቃትም ልንገራችሁ፤ ከመውደቁ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነውና። መጀመሪያ የሚታያችሁ ከላያችሁ የቆመ ሰው ነው፤ የምታውቁት ፊት ሁሉ በፍርሃት ተለውጦ። ሰውነታችሁ በዱላ የተደበደበ ያህል ይሰማችኋል፤ ምላሳችሁ ተነክሶ ይሆናል፤ ልብሳችሁ ርሶ ይሆናል። ቀኑን አታውቁትም። በዚያ ሰዓት ሰው ገለል እንዲል፣ ነጠላ ወይም ኮት ላዬ ላይ ጣል እንዲደረግልኝ፣ የማውቀው አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስሜን እየጠራ የት እንዳለሁ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መተኛት። ይህ ከተደረገልኝ በማግሥቱ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ። ካልተደረገልኝ የምቀረው አሞኝ ሳይሆን አፍሬ ነው።

ቀድሞ እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ወደቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ማኅደር ክፍል የተዛወርኩበት ደብዳቤ ደረሰኝ። እኔን የጠየቀ የለም፤ ሐኪሜን የጠየቀ የለም፤ ከዚያ በፊት ሒሳቤ ጎድሎ እንደማያውቅ የመረመረም የለም። «ለራስሽ ብለን ነው» አሉኝ። ያዛወሩኝ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ከልባቸው ያዘኑልኝ ነበሩ። ነገር ግን ሐዘኔታቸው ለገንዘብ ያዥ የሚከፈለውን አበል አስቀረብኝ፤ የሙያ እድገቴን አቆመው፤ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ሁሉ ደግሞ አንድ ትምህርት አስተማረ። ከወራት በኋላ አንዲት ባልደረባዬ ማኅደር ክፍል ድረስ መጥታ በሩን ዘግታ የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን ነገረችኝ። ኢንሱሊኗን የምትወጋው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቃ ነበር። «አንቺ ላይ የሆነውን አይቼ እንዴት እናገራለሁ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አድገናል። ለሐኪም ቤት እውነት ነው። በመሥሪያ ቤት ግን በሽታውን የተናገረ ወንበር አይገኝለትም፤ ሠራተኛው ይህን ከየትኛውም ተረት በላይ ጠንቅቆ ያውቃል።

ሰውን ዝም የሚያሰኘው ሌላው ነገር የደብዳቤ አካሄዳችን ነው። የሐኪም ማስረጃ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ጸሐፊዋ ታነበዋለች። ኃላፊው ይመራዋል። ግልባጭ ለደመወዝ ክፍል፣ ግልባጭ ለቅርብ አለቃ፣ ግልባጭ ለግል ማኅደር። የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሻይ ክበቡ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ የአንዲትን ሴት ሕመም በስሙ ጠርቶ ያወራዋል። ማንም ሕግ ጥሶ ላይሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የሄደው ወረቀት ሁሉ በሚሄድበት መንገድ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ወረቀት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል። በታሸገ ፖስታ ለአንድ ስሙ ለታወቀ ሰው ይሰጥ፤ ግልባጭ አይኑረው፤ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ከሐኪሙ የምትጠይቁትም የሕመሙን ስም ሳይሆን ለሥራው የሚያስፈልገውን ይሁን። «ሠራተኛዋ የሌሊት ፈረቃ እንዳትመደብ» የሚል አንድ መስመር ለአለቃዋ ይበቃዋል።

አንዳንዶቻችሁ ይህ በሽታ እንጂ አካል ጉዳት አይደለም ትሉ ይሆናል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በወጣበት መንፈስ ብናየው፣ አካል ጉዳተኛ ማለት በአካል፣ በአእምሮ ወይም በስሜት ሕዋሳት ጉዳት ምክንያት፣ ከማኅበረሰቡ መድልዎ ጋር ተዳምሮ፣ እኩል የሥራ ዕድሉ የጠበበበት ሰው ነው። ጉዳቱ በዓይን መታየት አለበት አይልም፤ ክራንች ወይም ነጭ በትር መያዝን ግዴታ አያደርግም። አዋጁ ቀጣሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱንና የሥራ አካባቢውን ለሠራተኛው ሁኔታ እንዲያመቻች ይጠይቃል። ሠራተኛው መድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ሲከስም መድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክሙን ወደ ቀጣሪው ያዞራል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ስለዚህ የምለምናችሁ ውለታ አይደለም።

ሕጉ ግን አንድ ቦታ ላይ ከእኛ ሁኔታ ጋር አይገጥምም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን የሕመም ፈቃድ ተመልከቱት። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ይህን ስናነብ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ታሞ የተኛ፣ ከዚያም ድኖ የተነሣ ሰው ነው። የእኔ ሕመም እንዲህ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ጤነኛ ነኝ፤ በመሃል የሦስት ደቂቃ መንቀጥቀጥና የግማሽ ቀን ዕረፍት አለ። በየጊዜው ደግሞ ለክትትልና ለመድኃኒት መንግሥት ሆስፒታል ወረፋ የምይዝበት ጠዋት አለ። ያን ቀን አልታመምኩም፤ እንዳልታመም ነው የሄድኩት። አለቃዬ ፈቃድ ካልሰጠኝ ያለኝ ምርጫ የዓመት ፈቃዴን በግማሽ ቀን እየቆራረጥኩ መጨረስ ወይም አርፍጄ መግባት ነው። ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ሊሰናበት እንደሚችል ደግሞ ያው አዋጅ ይላል። ብዙ ሰው ክትትሉን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ክትትል ሲቋረጥ መድኃኒት ይቋረጣል፤ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል፤ ለሕይወት የሚያሰጋም ይሆናል። መፍትሔው ያለው እናንተ እጅ ነው። የሕመም ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ ስለሚችል በግማሽ ቀን ቆጥሮ መያዝ ይቻላል። የክትትል ቀጠሮን እንደ በቂ ምክንያት የሚቆጥር አንድ አንቀጽም በኅብረት ስምምነቱ ወይም በሥራ ደንቡ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች ይህን ካነበባችሁ፣ በሚቀጥለው ድርድር የደመወዝ ጭማሪው ጥያቄ አጠገብ አስቀምጡልን።

ቀጣሪ ቀድሞ ሲናገር ምን እንደሚለወጥ ይህች አገር አንድ ጊዜ አይታለች። ኤችአይቪ በተስፋፋበት ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የነበረውን ዝምታ ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ታስታውሱታላችሁ። ሰው ክኒኑን ወደ ሌላ ጠርሙስ ገልብጦ ይይዝ ነበር፤ ምርመራ ለሥራ መቀጠሪያ ይጠየቅ ነበር። ያ ዝምታ የተሰበረው ሕመምተኞቹ ብቻ ስለደፈሩ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። የሥራ ቦታ የኤችአይቪ መመሪያዎች ተጻፉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ክበብ ተቋቋመ፣ ከደመወዝ እየተዋጣ የድጋፍ ገንዘብ ተሰበሰበ። ሕጉ ኤችአይቪን በስሙ ጠርቶ መድልዎን ከለከለ፤ ቀጣሪው ለአዲስ ሠራተኛ ከሚያስደርገው የጤና ምርመራም አወጣው። ሁሉም ተፈታ አልልም፤ መገለሉ ዛሬም አለ። ነገር ግን ሠራተኛው ከመናገሩ በፊት መሥሪያ ቤቱ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። ለሚጥል በሽታ፣ ለስኳር፣ ለድባቴ፣ በከፊል ለማይሰማ ጆሮ እስከማውቀው ድረስ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ጠያቂ ስላልነበረ ይመስለኛል፤ እኔ ዛሬ እየጠየቅሁ ነው።

ወጪው ያሳስባችሁ ይሆናል። ለእኔ ዓይነት ሠራተኛ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ የሌሊት ፈረቃ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ የአዳር ተረኝነት ለእኛ ከሥራ ድካም ያለፈ አደጋ አለው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራን ልጅ ከሌሊት ፈረቃ ወደ ቀን ማዛወር ብር አያስወጣም፤ የፈረቃ ሰንጠረዥ መለወጥ ብቻ ነው። ባልደረቦቿ «እሷ ለምን ትለያለች?» ማለታቸው አይቀርም፤ ጥያቄያቸውም ፍትሐዊ ነው። እሷ በበዓልና በእሑድ የቀን ተራ ብትሸፍን ሚዛኑ ይጠበቃል፤ የሕመሟን ስም ለማንም መናገር ሳያስፈልግ። ሌላው የሚያስፈልገው መሰላል ላይ አለመውጣት፣ ክፍት እሳትና የፈላ ውኃ አጠገብ ብቻን አለመቆም፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚያውቅ አንድ ሰው በአቅራቢያ መኖር ነው።

ሁሉም ሥራ ለሁሉም ሰው ይሆናል ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሕመሙ በመድኃኒት ያልተረጋጋለት ሰው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና መንዳት የለበትም፤ ይህን ከማንም በፊት የምለው እኔ ነኝ። ልዩነቱ ውሳኔው እንዴት እንደሚሰጥ ላይ ነው። ሥራው በባሕርይው የሚጠይቀው ምንድን ነው? የዚህች ሴት ሕመም በሐኪሟ ምስክርነት አሁን በምን ደረጃ ላይ ነው? እሷስ ምን ትላለች? እነዚህ ተጠይቀው የሚሰጥ ውሳኔ ቢያሳዝንም ይከበራል። የሕመሙ ስም እንደተሰማ ቁልፍ መቀበል፣ ወይም በቅጥር ማስታወቂያ ላይ ለጸሐፊነትም ለሒሳብ ሠራተኛነትም «ሙሉ ጤነኛ» ብሎ መጻፍ ግን ማንንም ከአደጋ አያድንም። አደጋውን ከዓይናችሁ ይሰውረዋል እንጂ። መሰላል ላይ ወጥቶ ቀለም የሚቀባው፣ ሕመሙን የደበቃችሁ ሠራተኛ፣ ለራሱም ለናንተም ሕመሙን ነግሯችሁ መሬት ላይ ከሚሠራው ይልቅ እጅግ የከፋ ስጋት ነው።

የጻፍኩት የማውቀውን ይዤ ነው፤ የሌሎቹ ፍላጎት ከእኔ ይለያል። ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት የምትፈልገው ቀዝቃዛ ቦታ፣ የማይዛባ የምግብ ሰዓትና በሩ የሚዘጋ ንጹሕ ክፍል ነው። አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው በስብሰባ ላይ የት እንደሚቀመጥ መምረጥ ይበቃው ይሆናል። በድባቴ ለሚሠቃይ ሰው ጠዋቱ ከቀኑ ሁሉ የከበደ ሊሆን ይችላል፤ ገብቶ የሚወጣበትን ሰዓት ማሸጋሸግ ሥራውን ያተርፍለታል። ስለዚህ ዝርዝር አዘጋጅታችሁ አትጠብቁን፤ ጠይቁን። ቅጹ ላይ «ምን ሕመም አለብህ?» የሚለውን አውጡና «ሥራህን በሚገባ ለመሥራት የሚያስፈልግህ ነገር አለ?» የሚለውን አስገቡ። ከቅጥር በኋላም፣ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ፣ በየዓመቱም የአፈጻጸም ምዘና ሲሞላ ደግማችሁ ጠይቁ። ሰው ለመናገር ጊዜ ይፈልጋል።

ዋናው የምጠይቃችሁ ግን አንድ ገጽ ነው። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር፣ የአእምሮ ሕመምና ሌሎችም በዓይን የማይታዩ ሕመሞች በስማቸው ይጠቀሱበት። ማንም ሠራተኛ ሕመሙን ስለተናገረ ያለ ፈቃዱና ያለ ሐኪም ምክር ከሥራ መደቡ እንደማይነሣ፣ አበሉና እድገቱ እንደማይነካ ይጻፍበት። የሕክምና መረጃውን ማን እንደሚይዝ በሥራ መደቡ ይገለጽ። የክትትል ቀጠሮ በቂ ምክንያት መሆኑ ይታወቅ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙበት፤ ማኅተም ይረፍበት፤ የፈረቃ ሰንጠረዥ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለአዲስ ገቢም ከቅጥር ደብዳቤው ጋር ይሰጠው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ብዙዎቻችሁ የሥራ ዕቅዳችሁን አዲስ ትጽፋላችሁ። ይህ ገጽ ከዚያ ጋር ይውጣ፤ ረቂቁንም ከመፈረሙ በፊት ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሠራተኞችና የሠራተኛ ማኅበራችሁ ይዩት።

ከአክብሮት ጋር፣

የሒሳብ ባለሙያ
አዲስ አበባ